የውሰት ግራ ጎን

አክስቴ አገሬ ሰው መግደሏን ያወቅሁት በዘጠኝ ዓመቴ ነው። ያውም ከራሷ አፍ። ክረምት ነበር፤ ትምህርት ቤት ተዘግቶ እኔ ከጓዳው በር ኋላ ቁጭ ብዬ ምስር እለቅማለሁ። እሷና እናቴ ይርጋነሽ በረንዳው ላይ፣ ዝናቡ የማይደርስበት ገመድ ላይ፣ የአያቴን አንሶላ ጨምቀው ያሰጣሉ።

«አማቴን የገደልኳት እኔ ነኝ፣ ይርጌ» አለች አክስቴ፣ የዛሬው ዝናብ አያባራም እንደማለት ረጋ ብላ።

«ኧረ በስመአብ በይ! ምን ማለትሽ ነው?»

«አስተኝቼ ነዋ። ዝም ብዬ አስተኝቼ። ዓመት ሊሞላት ነው፤ እስካሁን እጄን ባየሁት ቁጥር ይቀፈኛል።»

እናቴ የመለሰችውን አልሰማሁም፤ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ በረታ። ምስሩ ከነሰፌዱ ከእጄ ወደቀ። እኔ የማውቀው ገዳይ ሽፍታ ነበር፤ ጠመንጃ ያለው፣ ጺሙን ያላበጠረ፣ ጫካ የሚያድር። ይህችኛዋ ግን ከእኛ ጋር በአንድ ትሪ ትበላለች፤ ከሰዓት በኋላ ጸጉሬን ትሠራኛለች። ከሁሉ የከፋው አያቴ በእሷ እጅ ላይ መሆናቸው ነው። አማቷን በማስተኛት ከገደለች፣ አያቴን ደግሞ እንቅልፍ በመንሳት ልትገድላቸው እንደሆነ ለእኔ ግልጽ ነበር።

ነገሩ የሆነው በ1992 ዓ.ም. ቢቸና ውስጥ ነው። አያቴ ቀኝ ጌታ ወልደ ኪዳን በደብራችን ማኅሌት አርባ ዓመት በቀኝ የቆሙ ሰው ናቸው። ማኅሌት ሲቆም ሊቃውንቱ ቀኝና ግራ ሆነው ይሰለፋሉ፤ አንዱ ወገን ያዜመውን ሌላው ይቀበላል። የቀኙ አለቃ አያቴ፣ የግራው አለቃ ደግሞ ግራ ጌታ ሣህለ ማርያም ነበሩ። ከሁለቱ ማዕረግ የትኛው ይበልጣል የሚለው ክርክራቸው እኔ ሳልወለድ የተጀመረ ነው፤ ሁለቱም ሳይረቱ አርጅተዋል።

በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ አያቴ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ደረጃው አዳልጧቸው ወደቁ። ዳሌያቸው ተጎዳ። ወጌሻ መጣ፣ አሸ፣ አሰረ፤ አያቴ ግን ከአልጋ አልተነሡም። ሰማንያ ዓመት አልፏቸው ነበርና በሁለት ወር ውስጥ ሰውነታቸው አልቆ፣ ለሚያያቸው ጋቢው ብቻውን የተኛ ይመስል ነበር። አባቴ ግንደወይን ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው፤ የሚመጣው በወር አንዴ። እናቴ ቀኑን ሙሉ ገበያ ሽንኩርት ስትሸጥ ትውላለች። ስለዚህ ለአባቴ እህት ለአገሬ ሞጣ ድረስ ተላከባት፤ እሷም በሦስተኛው ቀን አንድ ጥቅልል ልብስ ይዛ ከአውቶቡስ ወረደች።

ገና በመጀመሪያው ቀን ጉዷን አየሁ። አያቴ ዕድሜ ልካቸውን የተኙበትን የበሬ ቁርበት ጠቅልላ ጓዳ ከተተችው። ለእንግዳ የሚወጣውን የስፖንጅ ፍራሽ አነጠፈች። አንሶላውን እየወጠረች፣ አንድ እጥፋት እስኪጠፋ ድረስ በመዳፏ ዳበሰችው፤ አንዲት የቆሎ ፍሬ ብታገኝ ጊንጥ እንዳገኘ ሰው ትጮሃለች። ከባታቸው ሥር ትራስ አስገብታ ተረከዛቸው አየር ላይ እንዲሆን አደረገች። ይህ ሁሉ ይሁን። ያልቻልኩት ማገላበጡን ነው። አያቴ ገና ሸለብ ሲያደርጋቸው አክስቴ ከተፍ ትላለች። «አባባ፣ እንዙር» ብላ እጇን ከሥራቸው ትሰዳለች፤ ጥቅልል ብርድ ልብስ ከጀርባቸው ደግፋ በአንድ ጎን ዘንበል ታደርጋቸዋለች። ሁለት ሰዓት ያህል ቆይታ ደግሞ ወደ ሌላው። ሌሊትም አይቀርላቸውም።

ወደ ቀኝ ሲሏቸው አያቴ ይዞራሉ። ወደ ግራ ሲሏቸው ግን ቤቱ ይታመሳል።

«ግራ የሣህለ ማርያም ነው» ይላሉ። «እኔ በቀኝ የቆምኩ ሰው ነኝ።»

«አባባ፣ ይህ እኮ አልጋ ነው፤ ማኅሌት አይደለም።»

«ለአንች ነው አልጋ።»

እኔ ሙሉ በሙሉ ከእሳቸው ጋር ነበርኩ። ሰው አርባ ዓመት የቆመበትን ወገን አርጅቶ አቅም ሲያጣ ይነጠቃል? አንድ ቀን አያቴ ተኝተው ሳሉ አክስቴ ወደ ግራ አዙራቸው፣ ሲነቁ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ አየሁ። ውርደት ነው አልኩ። ሴትዮዋ በአንድ በኩል እንቅልፋቸውን፣ በሌላ በኩል ማዕረጋቸውን እየወሰደች ነው ብዬ ደመደምኩ።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ አክስቴ ለአማቷ የሙት ዓመት ወደ ሞጣ መሄድ ነበረባት። የገደሉትን ሰው ተዝካር ማብላት ምን ዓይነት ድፍረት ነው ብዬ ገረመኝ። ከመሄዷ በፊት ትከሻዬን ይዛ አስጠናችኝ። አያቴ ቀን ቀን ዳዊት በቃላቸው ይደግማሉ፤ ዳዊት ደግሞ ንጉሥ በሚባል ክፍል ይከፈላል፤ አንዱ ንጉሥ አሥር መዝሙር ነው። ቤታችን ሰዓት ስላልነበረው የአክስቴ ሰዓት ይኸው ነበር።

«አራት ንጉሥ ሲደርሱ እማማ አስናቀችን ጥሪያቸውና አዙሯቸው። ሰማሽኝ ትህትና? አራት። አንድ ጊዜ በቀኝ፣ አንድ ጊዜ በግራ።»

«እሽ» አልኩ። እሽ ማለት ምን ይከብዳል።

ጎረቤታችንን እማማ አስናቀችን አንድ ጊዜም አልጠራኋቸው። ሁለት ቀን ሙሉ አያቴን በቀኛቸው አዋልኳቸው። ማታ እናቴ ደክሟት ስትገባ «አዞራችኋቸው?» ትለኛለች፤ «አዎ» እላለሁ፤ «እንግዲያው እስኪነጋ ይረፉ» ብላ ትተኛለች። የመጀመሪያው ቀን በሕይወቴ በጣም ደስ ካሉኝ ቀኖች አንዱ ነው። አያቴ ማንም ሳያቋርጣቸው ዳዊታቸውን ደገሙ። የቆርቆሮውን ዝናብ ከበሮ ነው ብለው በጣታቸው የአልጋውን ጠርዝ እየመቱ የቀኙን አዜሙልኝ፤ እኔን የግራውን አስቀበሉኝ። «አየሽ፣ ሰው ሲከበር እንዲህ ነው» አሉኝ። በሁለተኛው ቀን ዝምታ አበዙ። ግንባራቸውን አላባቸው፤ ዳዊቱም ሁለተኛው ንጉሥ ላይ ቆመ። እኔ እንቅልፍ እየጠገቡ ነው ብዬ ጋቢውን ሳብ አድርጌ አለበስኳቸው። ነፍስ ያተረፈ ሰው እንዴት እንደሚተኛ ያወቅሁት በዚያ ምሽት ነው፤ ለጥ ብዬ ተኛሁ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አክስቴ ደረሰች። እግሯን ሳትታጠብ፣ ነጠላዋ እንደራሰ፣ ቀጥታ አልጋው ጋ ሄዳ ጋቢውን ገለጠች። ቀኝ ዳሌያቸው ላይ፣ አጥንቱ ብቅ ባለበት፣ የሃምሳ ሳንቲም የሚያህል ምልክት ነበር፤ ከጠይም ገላቸው ጠቆር ያለ፣ ወደ ቀይ ሥር ቀለም ያደላ። በእጇ ጀርባ ነካችው። «ይፋጃል» አለች ለራሷ። ከዚያ በጣቷ ጫን አድርጋ ይዛ ለቀቀችውና ጎንበስ ብላ ጠበቀች። ምን እንደምትጠብቅ አላወቅሁም። ምልክቱ ቀለሙን ሳይለውጥ እንደነበረ ቆየ። አክስቴ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

እማማ አስናቀች ወዲያው ቅቤ በቅል ይዘው መጡ። «ምን አላት እቺ! ጥሩ አድርጌ ሳሸው ድራሹ ይጠፋል» ብለው እጃቸውን ሲሰዱ አክስቴ ክንዳቸውን ያዘች።

«እንዳይነኩት!»

ቅቤ ይዞ የመጣ ጎረቤት ላይ እንዲህ አይጮኽም። አክስቴም አፍራ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ይቅር በሉኝ፣ እማማ። አማቴን የጀመራት ይኸው ነው። እኔም ቅቤ አሸሁላት፤ ባሸሁት ቁጥር ባሰበት። ሽባ ሆና ተኝታ ነበርና ትረፍ ብዬ አልነካካትም፤ ጠዋት እንዳስተኛኋት ማታ አገኛታለሁ። በወሩ ተቀደደ። በሁለት ወሩ አጥንቷን አየሁት። የጤና ጣቢያ ነርስ ናት በኋላ ያስረዳችኝ። ሥጋው በአጥንቱና በመኝታው መሀል ተጨፍልቆ ደም ሲያጣ ይሞታል አለችኝ፤ ሰውየው ገና ሳይሞት።»

ያኔ ገባኝ። ሁሉም አይደለም፤ ዋናው ግን ገባኝ። በዚህ ቤት ውስጥ አያቴን ሊገድል የደረሰ ሰው አለ፤ እሷ አይደለችም። ጓዳ ሮጬ ገብቼ ቁርበቱ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። እማማ አስናቀች ከሄዱ በኋላ እናቴ «አዙረናል ብላኝ ነበር እኮ» ስትል፣ አክስቴም «ይሁን፣ ተያት» ስትል ሰማሁ። ያንን «ይሁን» ለረጅም ጊዜ እንዳልጠረጠረችኝ ማስረጃ አድርጌ ያዝኩት።

ምስጢሩን አሥራ ስምንት ዓመት ተሸከምኩት። በ2010 ሞጣ ልጠይቃት ሄጄ፣ ቤቷ ደጃፍ ላይ ጎመን እየቀነጠስን ሳለ አወጣሁት። ቀና እንኳ አላለችም።

«አውቃለሁ» አለችኝ።

«ማን ነገረሽ?»

«ቦታው ነዋ። ግራው ንጹሕ፣ ጀርባው ንጹሕ። ሁለት ቀን በቀኙ መዋሉ ቆዳው ላይ ተጽፎ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልተቆጣሽኝም?»

«እኔን ማን ተቆጣኝ?» አለችና የጎመኑን ግንድ ለዶሮዎቹ ወረወረችላቸው።

ወደዚያ ክረምት ልመለስ። ከባዱ ነገር አያቴ አሁን በየት በኩል ይተኛሉ የሚለው ነበር። ቀኙ ተዘጋ። ሁልጊዜ በጀርባ እንዳይሆን የወገባቸው መጨረሻ አጥንት ከቆዳው በቀር ልብስ የለውም። የቀረው ግራው ነው፤ አያቴ ደግሞ ግራውን እንቢ አሉ። አክስቴ እግራቸውን ስማ ለመነች። እናቴ አለቀሰች። እኔ ራሴ፣ የቀኙ ዋና ጠበቃ፣ «አባባ፣ እባክዎ ይዙሩ» ብዬ እጃቸውን ሳምኩ። ዓይናቸውን ጨፈኑብኝ።

«ተዉኝ። ቆስዬም ቢሆን በወጌ ልሙት።»

በማግስቱ ጠዋት አክስቴ ግራ ጌታ ሣህለ ማርያምን የግቢው በር ላይ አቁማ ስታንሾካሹክ አየሁ። ሽማግሌው እየሰሙ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ከዚያ እስከ ባታቸው ጭቃ ሆነው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ገቡና አልጋው አጠገብ ቆሙ።

«ወልደ ኪዳን፣ ግራዬን ንቀኸዋል አሉ።»

«አልናቅሁትም። ያንተ ነው ነው ያልኩት።»

«እንዲያ ከሆነ ደግ። እኔ ጉልበቴ ከድቶኝ ሦስት ሳምንት ማኅሌት አልቆምኩም። ግራው ባለቤት አጥቷል። እስክድን ድረስ አንተ ጋ ይዋልልኝ።»

አያቴ ዓይናቸውን ገለጥ አደረጉ። «በምን ስም?»

«በውሰት። ስፈልገው ትመልስልኛለህ።»

«ምስክር አለህ?»

ሣህለ ማርያም ቤቱን ቃኘት ቃኘት አድርገው በመቋሚያቸው ጫፍ እኔን ጠቆሙ። «ይህችውልህ።»

«እንግዲያውስ» አሉ አያቴ፣ «አገሬ፣ ቀስ ብለሽ።»

አክስቴና እናቴ አንሶላውን በአራት ማዕዘኑ ይዘው፣ ሳይጎትቱ፣ ከፍ አድርገው ወደ ግራ ዘንበል አደረጓቸው። አክስቴ ትራሱን ከጀርባቸው፣ ሌላውን ከጉልበታቸው መሀል አስገባች። አያቴ የጋቢያቸውን ጫፍ ነክሰው ያዙ። ሣህለ ማርያም በዚያች ቅጽበት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ዜማ ጀመሩ፤ ቤቱ ተናጋ። እኔ ሣህለ ማርያም ወገናቸው በመከበሩ ደስ ብሏቸው መሰለኝ።

ጎመኑን በቀነጠስንበት ቀን አክስቴ ይህንንም አረመችልኝ። ሲወድቁ የተጎዳው ግራ ዳሌያቸው ነበር። ወደ ግራ ሲዞሩ ነፍሳቸው እስክትወጣ ያማቸዋል፤ ልጆቻቸው ፊት «አመመኝ» ማለት ግን አይሆንላቸውም። ስለዚህ ማዕረጋቸውን ከሕመሙ ፊት አቆሙት። ሣህለ ማርያም ይህን ከአክስቴ ሰምተው ነው የመጡት፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያዜሙትም የወዳጃቸውን ማቃሰት እኛ እንዳንሰማው ነበር። እኔ የደስታ ዜማ ብቻ የሰማሁበት ቤት እንዲህ ያለ ፍቅር የነበረበት መሆኑን ሳውቅ፣ እውነቱን ልናገር፣ ጎመኑ ላይ አለቀስኩበት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ጠዋቶች ሁሉ አንድ ዓይነት ነበሩ። አክስቴ ጋቢውን ትገልጣለች፤ በእጇ ጀርባ ትነካለች፤ በጣቷ ጫን አድርጋ ትለቅቃለች፤ ሁላችንም ፊቷን እናያለን። አንደኛው ቀን ምንም የለም። ሁለተኛውም እንዲሁ። በሦስተኛው «ማቃጠሉን ትቷል» አለች። በአምስተኛው ቀን ጣቷን ስታነሣ ቦታው ለቅጽበት ገርጥቶ ታየ፤ ከዚያ ደሙ ተመለሰበት። እኔም ዓይኔ አየው።

«መጣ!» አለች አክስቴ። «ደሙ መጣ! ይርጌ፣ ነይ እዪልኝ!»

እናቴ የሽንኩርቱን ጆንያ እንደያዘች ሮጣ ገባች። አክስቴ ደግማ ጫነችው፤ ደግሞ ገረጣ፤ ደግሞ ተመለሰ። ሳቋ መጣባትና ማቆም አቃታት። ከሞጣ ከተመለሰች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ «ርቦኛል» ብላ ምግብ ጠየቀች፤ ያን ቀን ለሁለት ሰው የሚሆን ሽሮ ብቻዋን በላች። እኔ ከአልጋው ሥር ገብቼ ተደብቄ ነበር። ደስታም ሰውን እንደሚያስደብቅ እዚያ ተማርኩ።

አያቴማ ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው ሆኑ። ተራውን ራሳቸው ይጠሩት ጀመር። አራተኛውን ንጉሥ ሲጨርሱ «አገሬ! የሣህለ ማርያም ደረሰ!» ብለው ይጣራሉ። በግራቸው ሲተኙ የግራውን ዜማ፣ በቀኛቸው ሲተኙ የቀኙን ያዜማሉ። ሣህለ ማርያም በየሰንበቱ እየመጡ «የኔን ዜማ አበላሽተኸዋል» ብለው ይጣሏቸዋል፤ አያቴም «ታዲያ ንብረትህን ውሰዳ» ይሏቸዋል። ማንም አይወስድም፤ ማንም አይመልስም። ትራስ አቀባዩዋ እኔ ነበርኩ። ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ አንሶላው ላይ ፍርፋሪ እንዳይቀር ዳብሼ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ደግሞ ዳብሼ ነው ደብተሬን የምይዘው። አክስቴም ወደ ሞጣ አልተመለሰች፤ ባሏ ራሱ እየመጣ ይጠይቃት ነበር።

አያቴ እንዲህ ሆነው አንድ ዓመት ተኩል ኖሩ። የሞቱት በ1994 ጥር ላይ፣ ብርድ ሳንባቸው ገብቶ በአንድ ሳምንት ነው። ገላቸውን ሊያጥቡ የገቡት የማኅሌት ባልንጀሮቻቸው ናቸው። ሣህለ ማርያም ቀድመው ገቡ። ግቢው በለቀስተኛ ተሞልቷል። አክስቴ ግን አታለቅስም፤ በሩ አጠገብ ቆማ ዓይኗን ከበሩ ላይ አልነቀለችም። ሰው አልቃሽ ያጣ ቤት ነው ብሎ አማት። ምን እንደምትጠብቅ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩና ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ። በዚያች በመጨረሻዋ ሳምንት ትንፋሽ እያጠራቸው ቀና አድርገን ነበር ያስቀመጥናቸው፤ እንደ ልባችን አላገላበጥናቸውም። እጇን ያዝኩት።

በሩ ተከፈተ። ሣህለ ማርያም እጅጌያቸው እንደራሰ ወጡና ሰዉን ሁሉ ትተው ወደ እሷ መጡ።

«አገሬ፣ ቀኙንም ግራውንም አየሁት። ጀርባውንም፣ ተረከዙንም። አንድ ጭረት የለበትም። ግራዬን በደህና መለሰልኝ።»

አክስቴ እልል አለች።

ለቅሶው ቀጥ አለ። አንዷ አልቃሽ ደረቷን እንደመታች እጇ እዚያው ቀረ። «ወይኔ፣ ኀዘኑ አናቷ ላይ ወጣ» አለ አንድ ሰው ከኋላ። እናቴ ሮጣ መጥታ በነጠላዋ አፏን ልትይዛት ስትታገል፣ አክስቴ በነጠላው ሥር እያለቀሰች እልልታዋን ቀጠለች።

አላበደችም። ይህን የሚመሰክርላት ሰው ደግሞ መኖር ነበረበት፤ ምስክርነት እንደሆነ አንድ ጊዜ ተሹሜበታለሁ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ጥቁር ለብሻለሁ። አንገቴን ወደ ላይ ቀና አድርጌ፣ ያ ሁሉ ለቀስተኛ እያየኝ፣ እኔም እልል አልኩ።